ላሙም ግንዱም ድንኳኑም ያለበት ደን፦ ስለ አሜሪካ ብሔራዊ ደኖች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በአሜሪካ ተራራማ አካባቢዎች በመኪና የተጓዘ ሰው ቡናማ መደብ ላይ በቢጫ ፊደል «ብሔራዊ ደን» የሚል ሰሌዳ ሳያይ አይቀርም። ሰሌዳውን አልፎ ጥቂት እንደሄደ ግን ግር የሚሉ ነገሮች ይገጥሙታል። አንዱ ጋ ላሞች ይግጣሉ፤ ሌላው ጋ ግንድ የጫነ ከባድ መኪና ቁልቁል ይወርዳል፤ ከወንዙ ዳር ቤተሰብ ድንኳን ተክሎ እሳት ያነድዳል። «ይሄ ነው እንዴ የተጠበቀ ደን?» ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች አብዛኞቹ ከዚሁ ግርታ የሚነሡ ናቸው። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ብሔራዊ ደን ከብሔራዊ ፓርክ በምን ይለያል?

በዓላማው። ብሔራዊ ፓርክ፣ ለምሳሌ የሎስቶን፣ እንዲታይና እንዳለ እንዲቆይ የተከለለ ነው። እንጨት ለንግድ አይቆረጥበትም፤ በአብዛኞቹም ማደን ክልክል ነው። ብሔራዊ ደን ግን ከመነሻው እንዲሠራበት የተቋቋመ መሬት ነው። ይቆረጥበታል፣ ይጋጥበታል፣ ይታደንበታል፣ ይቆፈርበታል፤ ነገር ግን በልክና በፈቃድ።

አስተዳዳሪዎቻቸውም የተለያዩ ናቸው። ፓርኮቹ የፌዴራል መሬትና የተፈጥሮ ሀብት ጉዳይን በሚይዘው በኢንቴሪየር መሥሪያ ቤት ሥር ሲሆኑ ደኖቹ በግብርና መሥሪያ ቤት ሥር ባለው የደን አገልግሎት ይተዳደራሉ። ደን በግብርና ሥር መሆኑ ብዙ ሰው ያስገርማል። መሥራቾቹ ግን ዛፍን የሚያዩት እንደ ሰብል ነበር፦ ይዘራል፣ ይታጨዳል፣ ተመልሶ ይበቅላል። ይህ አስተሳሰብ ኋላ ላይ ብዙ ጣጣ አምጥቷል።

ስፋታቸው ምን ያህል ነው? ባለቤቱስ ማን ነው?

154 ብሔራዊ ደኖችና 20 ብሔራዊ የሣር ምድሮች አሉ። በድምሩ ወደ 193 ሚሊዮን ኤከር ይሆናሉ፤ 78 ሚሊዮን ሄክታር ገደማ መሆኑ ነው። ከቴክሳስ ይሰፋል። ትልቁ አላስካ ውስጥ ያለው ቶንጋስ ሲሆን ብቻውን ወደ 17 ሚሊዮን ኤከር ይጠጋል።

ባለቤቱ ሕዝቡ ነው፤ የደን አገልግሎቱ ጠባቂ እንጂ ባለመብት አይደለም። ሚያሚ ተቀምጦ ደን አይቶ የማያውቅ ሰውና ሞንታና ደኑ አፋፍ ላይ የተወለደ ከብት አርቢ በሕግ ፊት እኩል ባለድርሻዎች ናቸው። በዚህች እኩልነት የአሜሪካ ምዕራብ ነዋሪ እስከ ዛሬ አልተስማማም።

«ደን» የሚለው ስምም እንዳያሳስት። በውስጡ ገላጣ ሜዳ፣ ቁጥቋጦ፣ ድንጋያማ ጫፍ፣ በረሃ ሳይቀር አለ። ፖርቶ ሪኮ ላይ ያለው ኤል ዩንኬ ደግሞ የሐሩር ዝናብ ደን ነው፤ ከሁሉም ብሔራዊ ደኖች እንዲህ ያለው እሱ ብቻ ነው።

መንግሥት ደን ወደ መያዝ እንዴት ገባ?

በፍርሃት። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የሚሺጋንና የዊስኮንሲን ነጭ ጥድ እያለቀ መጣ። ኩባንያዎች ቆርጠው ሲጨርሱ መሬቱን ጥለውት ይሄዱ ነበር፤ የተረፈው ቅርንጫፍና ጭራሮ እዚያው ይደርቅና ለእሳት ይዘጋጃል። በ1871 የዊስኮንሲኗን ፔሽቲጎ የበላው እሳት ከአንድ ሺህ በላይ ሰው ጨርሷል። ቀጣዩ ተረኛ የምዕራቡ ደን እንደሚሆን ለሁሉም ግልጽ ነበር።

በ1891 ኮንግረስ ፕሬዚዳንቱ ገና ለሰው ያልተሰጠን የፌዴራል መሬት በደንነት እንዲከልል ሥልጣን ሰጠ። ፕሬዚዳንት ቤንጃሚን ሃሪሰን በዚያው ዓመት የመጀመሪያውን ክልል ዋዮሚንግ ውስጥ፣ የሎስቶን አጠገብ አወጁ። በ1897 የወጣው ሕግ ደግሞ ክልሎቹ ለምን እንደሚያገለግሉ ወሰነ፦ ደኑን ለመጠበቅ፣ የውኃ ፍሰትን ለማስተካከልና የማያቋርጥ የእንጨት አቅርቦት ለማግኘት። ውኃው ከእንጨቱ ቀድሞ መጠቀሱን ልብ ይሏል።

በ1905 ደኖቹ ወደ ግብርና መሥሪያ ቤት ተዛወሩ፤ የደን አገልግሎቱም በጊፎርድ ፒንቾ መሪነት ሥራ ጀመረ። ከሁለት ዓመት በኋላ የሆነው ነገር ደግሞ እንደ ተረት ይወራል። የምዕራብ ፖለቲከኞች ተቆጥተው ፕሬዚዳንቱ በስድስት ክፍለ ግዛቶች አዲስ ደን እንዳይከልል የሚያግድ አንቀጽ በጀት ሕጉ ውስጥ ሰነቀሩ። ቴዎዶር ሩዝቬልት በጀቱን መፈረም ግድ ነበረባቸው። እና ፊርማቸውን ከማኖራቸው በፊት በነበሩት ጥቂት ቀናት ከፒንቾ ጋር ካርታ ዘርግተው 16 ሚሊዮን ኤከር ያህል አዲስ ደን አወጁ፤ ከዚያ ፈረሙ። ሕጉ ሲጸድቅ የሚከለከል ብዙም አልቀረም።

ምሥራቁ ሌላ ታሪክ አለው። እዚያ መሬቱ ቀድሞውኑ በግለሰቦች እጅ ስለነበር የሚታወጅ ነገር አልነበረም፤ መግዛት ነበረበት። በ1907 የሞኖንጋሂላ ወንዝ ሞልቶ ፒትስበርግን ሲያጥለቀልቅ ጣት የተቀሰረው ወደተመነጠሩት ተራሮች ነበር። በ1911 የወጣው የዊክስ ሕግ መንግሥት የወንዞችን ራስጌ እንዲገዛ ፈቀደ። ዛሬ በቨርጂኒያና በምዕራብ ቨርጂኒያ የምናየው አረንጓዴ ተራራ ብዙው ያኔ የተራቆተ፣ የተሸረሸረ፣ ማንም የማይፈልገው ቁልቁለት ነበር። እኔን ከሁሉ ይልቅ የሚደንቀኝ ይህ ነው፤ የምሥራቁ ደን የተወረሰ ሀብት ሳይሆን የዳነ በሽተኛ ነው።

ትልቁ ጥቅሙ ምንድን ነው? እንጨት?

ውኃ ነው። ሰው ስለ ደን ሲያስብ ግንድ ወይም ድብ ይታየዋል፤ ከብሔራዊ ደኖች የሚወጣው ዋናው ምርት ግን በቧንቧ የሚመጣው ነው። ከ60 ሚሊዮን በላይ አሜሪካውያን የሚጠጡት ውኃ ከእነዚህ ደኖች ይነሣል።

አሠራሩ ቀላል ነው። ደን ያለበት አፈር በቅጠል ብስባሽና በሥር የተሞላ ስፖንጅ ነው። ዝናቡን ይመጠዋል፤ ቀስ እያለ ያወርደዋል። በምዕራብ ተራሮች ላይ በክረምት የተቆለለው በረዶ በዛፍ ጥላ ሥር ቀስ ብሎ ይቀልጣል፤ ስለዚህ ሰው በሚጠማበት በበጋው ወንዙ አይደርቅም። ዛፉ ሲጠፋ ያው ዝናብ አፈሩን ይዞ በአንዴ ይወርዳል።

ኦሪገን ያለችው ፖርትላንድ ከተማ ዋና የውኃ ምንጯ በማውንት ሁድ ብሔራዊ ደን ውስጥ ያለው የቡል ረን ተፋሰስ ነው። በ1892 የተከለለ ሲሆን ዛሬም ሕዝብ እንዳይገባበት ተዘግቷል። የሁሉም በሆነ ደን ውስጥ ለማንም የማይከፈት በር መኖሩ ይገርማል፤ ግን ያ ተፋሰስ ሥራውን የሚሠራው ዝም ሲባል ነው።

ሥራው ሲስተጓጎል ምን እንደሚመጣ ደግሞ ዴንቨር አይታዋለች። በ1996 የቡፋሎ ክሪክ፣ በ2002 ደግሞ የሄይማን እሳት የከተማዋ ውኃ የሚወርድበትን የፓይክ ብሔራዊ ደን በሉት። የሄይማኑ ብቻ 138 ሺህ ኤከር ገደማ አቃጥሏል። እሳቱ ከጠፋ በኋላ ዝናብ መጣ፤ አመዱንና አፈሩን እየጠረገ ወደ ግድቦቹ ጨመረው። የከተማዋ ውኃ አቅራቢ ደለሉን ለመዛቅ፣ ውኃውን ለማጣራትና ቁልቁለቱን መልሶ ለማልበስ ከ27 ሚሊዮን ዶላር በላይ አውጥቷል። «አህያ የለኝ ከጅብ አልጣላ» ብሎ የደን ወሬ የማይሰማ የከተማ ሰው ሳያውቀው አህያው ከላይ ተራራው ላይ ታስራለች።

እንጨት መቁረጡ ታዲያ ምን ያህል ነው?

ከአርባ ዓመት በፊት ከነበረው በእጅጉ ያነሰ። እስከ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ድረስ ብሔራዊ ደኖች ብዙም አይቆረጡም ነበር፤ የግል ኩባንያዎች የራሳቸው ደን ስለነበራቸው የመንግሥት እንጨት ገበያውን እንዲያወርድባቸው አይፈልጉም። ከጦርነቱ የተመለሰው ወታደር ቤት መሥራት ሲጀምርና የግሉ ደን ሲሳሳ ግን ሁሉም ፊቱን ወደ ሕዝቡ ደን አዞረ። በ1980ዎቹ መጨረሻ በዓመት ወደ 12 ቢሊዮን ቦርድ ፊት ይቆረጥ ነበር። አንድ ቦርድ ፊት ማለት ርዝመቱና ስፋቱ አንድ አንድ ጫማ፣ ውፍረቱ አንድ ኢንች የሆነ ጣውላ ነው።

ግንዱን ለማውጣት መንገድ ያስፈልጋል። በዚያ ዘመን የተከፈተው መንገድ ተደምሮ ዛሬ ብሔራዊ ደኖቹ ውስጥ ወደ 370 ሺህ ማይል የሚጠጋ መንገድ አለ፤ ከአገሪቱ የኢንተርስቴት አውራ ጎዳና ሁሉ ከሰባት እጥፍ በላይ ነው። አብዛኛው የጠጠርና የአፈር ስለሆነ በየዓመቱ ይሸረሸራል፤ ጥገናው ዕዳ ሆኖ ቀርቷል። ለዚህም ነው በ2001 የወጣው ደንብ መንገድ ያልገባበትን 58.5 ሚሊዮን ኤከር እንዳለ እንዲቆይ ያዘዘው። በ2025 ደግሞ የፌዴራሉ አስተዳደር ይህን ደንብ ለመሻር መነሣቱን አስታውቋል።

ወደ ቆረጣው ስንመለስ፣ ነገሩ የተገለበጠው በሁለት ደረጃ ነው። መጀመሪያ በሞንታናው ቢተርሩትና በምዕራብ ቨርጂኒያው ሞኖንጋሂላ ደኖች ተራራ ሙሉ ምንጣሮ ያዩ ሰዎች ተቆጡ። የሚገርመው በሞኖንጋሂላ ከተቆጡት መካከል አዳኞች ግንባር ቀደም ነበሩ። ክስ ተመሠረተ፣ የደን አገልግሎቱም ተረታ፤ ኮንግረስ በ1976 እያንዳንዱ ደን በሕዝብ ተሳትፎ ዕቅድ እንዲያወጣ የሚያዝዝ ሕግ አጸደቀ። ሁለተኛው በ1990 በነጠብጣቧ ጉጉት ምክንያት የመጣው ነው። ያረጀ ደን ካልሆነ የማትኖር ወፍ ናት። በሕግ ጥበቃ ሥር ስትገባ በዋሽንግተን፣ በኦሪገንና በሰሜን ካሊፎርኒያ የነበረው ቆረጣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ቆመ። በ1994 የወጣው የሰሜን ምዕራብ የደን ዕቅድ 24 ሚሊዮን ኤከር የሚሸፍን አዲስ ሥርዓት አመጣ። ከዚያ ወዲህ በአገር ደረጃ የሚቆረጠው በዓመት ከሁለት እስከ ሦስት ቢሊዮን ቦርድ ፊት አካባቢ ነው።

ይህን ሲያወሩ የመሰንጠቂያ ከተሞቹን ሰዎች መዝለል ልማድ ሆኗል። አባቱም አያቱም እንጨት ቆራጭ የነበረ ሰው በአንድ ክረምት ሥራ ሲያጣ «ለጉጉት ሲባል» ተብሎ ተነገረው። እውነቱ ከዚያ ይወሳሰባል፤ ማሽን የሰውን እጅ ቀድሞ እየተካ ነበር፤ ያረጁት ዛፎችም በዚያ ፍጥነት ቢቆረጡ ማለቃቸው አይቀርም ነበር። ቁስሉ ግን አለ፤ ዛሬም በደን ጉዳይ በሚጠራ ስብሰባ ሁሉ ይዳሰሳል።

ከብትና ማዕድንስ?

ሁለቱም አሉ። ከብት አርቢ በፈቃድ ያስግጣል፤ በምዕራብ ለአንዲት ላም ከነጥጃዋ በወር የሚከፈለው ዋጋ በቀመር ይሰላል፤ ወለሉ 1.35 ዶላር ነው። ከግል መሬት ግጦሽ ጋር ሲነጻጸር እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። አርቢዎቹ በበኩላቸው አጥሩንና የውኃ ገንዳውን ራሳቸው እንደሚጠግኑ ይናገራሉ። የመዳቡና የወርቁ ነገር ግን ለማንም ማስረዳት ይከብዳል። ዛሬም የሚሠራው የ1872 ሕግ ነው፤ በዚህ ሕግ ከፌዴራል መሬት ወርቅ ያወጣ ኩባንያ ለሕዝቡ የባለቤትነት ድርሻ አይከፍልም። እንጨቱ ይሸጣል፤ ሣሩ በርካሽም ቢሆን ይከራያል፤ ወርቁ በነጻ ይሄዳል።

እኔ ብሄድ ምን ማድረግ እችላለሁ? ይከፈላል?

መግቢያ በር የለውም፤ ዋናው ነጻነት እሱ ነው። በእግር መሄድ፣ በፈረስ መጓዝ፣ ዓሣ ማጥመድ፣ ማደን፣ በበረዶ መንሸራተት ይቻላል። ለዓሣና ለአደን የክፍለ ግዛቱ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ አውሬው የሚተዳደረው በክፍለ ግዛቱ ነውና። ከአገሪቱ የታወቁ የበረዶ ሸርተቴ ቦታዎች ብዙዎቹም፣ ኮሎራዶ ያለውን ቬይል ጨምሮ፣ በብሔራዊ ደን መሬት ላይ በፈቃድ የሚሠሩ ናቸው።

ድንኳን ለመትከል የተዘጋጀ ቦታ ከፈለጉ ይከፍላሉ። ካልፈለጉ ግን በአብዛኞቹ ደኖች ከመንገዱ ወጣ ብሎ በነጻ ማደር ይፈቀዳል፤ ብዙ ጊዜ ገደቡ 14 ቀን ነው። ሽንት ቤትም ውኃም የለም። ከወንዝና ከሐይቅ 60 ሜትር ያህል ይራቁ፤ ለመጸዳጃ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ይቆፍሩ፤ ቆሻሻዎን ይዘው ይውጡ። እሳት ካነደዱ ውኃ አፍስሰው፣ አማስለው፣ በእጅዎ ዳስሰው ቀዝቃዛ እስኪሆን አይነሡ። በበጋ እሳት ጨርሶ የሚከለከልበት ጊዜ ስላለ ከመሄድዎ በፊት የአካባቢውን ሬንጀር (የደን ጠባቂ) ጽሕፈት ቤት ይጠይቁ። የመኪና መንገዶቹን የሚያሳየውን ነጻ ካርታም ከዚያው ያገኛሉ፤ ስልክዎ ላይ ያለው ካርታ «መንገድ» የሚለው ሁሉ ክፍት አይደለም።

አንዳንድ የመኪና ማቆሚያዎችና መዝናኛ ቦታዎች ያስከፍላሉ። ለአገሩ ነዋሪ 80 ዶላር የሆነው ዓመታዊ የፌዴራል ማለፊያ ፓርክ ላይ እንደሚሠራው እዚህም ይሠራል። በአደን ወቅት ከሄዱ ብርቱካናማ ልብስ ይልበሱ።

ማገዶ መልቀም፣ እንጉዳይ መንቀል፣ የገና ዛፍ መቁረጥ ይቻላል?

ለዕለቱ እሳት የወደቀ ደረቅ እንጨት መልቀም ባጠቃላይ ይፈቀዳል። ለቤት ማገዶ ጭነው ለመሄድ ግን ፈቃድ ይወጣል፤ የገና ዛፍም እንደዚሁ በአነስተኛ ክፍያ። እንጉዳይና እንጆሪ መሳይ ፍሬዎች እንደየደኑ ደንብ ይለያያሉ፤ ለራስ መብል ጥቂት መልቀም ብዙ ጊዜ አያስከፍልም፣ ለንግድ ሲሆን ግን የተለየ ፈቃድ አለው። በኦሪገን ማትሱታኬ የሚባለውን እንጉዳይ በየመኸሩ በፈቃድ እየለቀሙ የሚሸጡ ብዙ ናቸው።

«ዊልደርነስ» የሚባለው ክልል ምንድን ነው?

በብሔራዊ ደኖች ውስጥ 36 ሚሊዮን ኤከር የሚሆነው በ1964ቱ ሕግ መሠረት የሰው እጅ እንዳይበዛበት የተተወ ዱር ነው። መንገድ የለም፣ ሞተር የለም፣ ብስክሌት እንኳ አይገባም። የእግር መንገድ ላይ የወደቀን ግንድ የደን ሠራተኞቹ ራሳቸው የሚቆርጡት ለሁለት በሚጎተት የእጅ መጋዝ ነው። የመጀመሪያው ኒው ሜክሲኮ ያለው ሂላ ሲሆን ሕጉ ሳይወጣ በፊት፣ በ1924፣ ከደን አገልግሎቱ ሠራተኞች አንዱ በነበረው በአልዶ ሊዮፖልድ ውትወታ ተከለለ።

ደኑ ለምን እንዲህ ይቃጠላል? ጥበቃው ደካማ ነው?

ችግሩ በከፊል ጥበቃው ከመጠን በላይ መጠንከሩ ነው።

ነሐሴ 1910 በአይዳሆና በሞንታና በሁለት ቀን ውስጥ ሦስት ሚሊዮን ኤከር ገደማ ነደደ። ከ80 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ አብዛኞቹ እሳት አጥፊዎች ነበሩ። ኤድ ፑላስኪ የተባለ ሬንጀር ከ40 በላይ ሠራተኞቹን ወደ አሮጌ የማዕድን ዋሻ አስገብቶ፣ እምቢ ያለውን በሽጉጥ እያስፈራራ አብዛኞቹን አትርፏል። ባንድ ወገኑ መጥረቢያ በሌላው ዶማ የሆነው የእሳት አጥፊዎች መሣሪያ እስከ ዛሬ በስሙ «ፑላስኪ» ይባላል።

ገና የአምስት ዓመት ዕድሜ የነበረው የደን አገልግሎት ከዚያ ድንጋጤ አልወጣም። በ1935 ማንኛውም እሳት በታየ ማግስት እስከ ጠዋቱ አራት ሰዓት እንዲጠፋ መመሪያ ወጣ። በ1944 ስሞኪ የሚባለው የማስታወቂያ ሥዕል ባለባርኔጣ ድብ መጥቶ ሕፃናትን ሳይቀር አስተማረ። ሠራም። ነገር ግን እንደ ፖንደሮሳ ጥድ ያሉ ደኖች በየጥቂት ዓመቱ ሣሩንና ጭራሮውን ብቻ በልቶ የሚያልፍ ዝቅተኛ እሳት የለመዱ ናቸው፤ ወፍራም ቅርፊታቸውም ለዚያ የተሠራ ነው። እሳቱ ሲከለከል ችግኙና ጭራሮው ተጠራቀመ። ዛሬ አንዴ ሲነሣ መሬት ለመሬት አይሄድም፤ በትንንሾቹ ዛፎች እየተንጠላጠለ እስከ ጫፍ ይወጣል። ሙቀቱና ድርቁ ሲጨመርበት ደግሞ የሚያቆመው የለም። በ2015 የደን አገልግሎቱ በጀት ከግማሽ በላይ ለእሳት ሄደ፤ የቀረው ሥራ ሁሉ ተራቆተ።

መድኃኒቱ የታወቀ ነው፦ ትንንሾቹን ዛፎች ማሳሳትና በምቹ ቀን ራስ ለኩሶ ማቃጠል። ብዙ የአገሬው ነባር ሕዝቦች ይህን ለዘመናት ሲያደርጉት ኖረዋል፤ ኋላ በሕግ ተከለከሉ። አደጋ ግን አለው። በ2022 ኒው ሜክሲኮ ውስጥ የደን አገልግሎቱ ራሱ የለኮሳቸው እሳቶች አምልጠው ተገናኙና 340 ሺህ ኤከር ገደማ በሉ፤ በክፍለ ግዛቱ ታሪክ ትልቁ እሳት ሆነ። ቤቱን በዚህ ያጣ ሰው ስለ ሳይንሱ ቢነገረው አይሰማም፤ ልክም ነው። ሆኖም አለማቃጠልም ምርጫ ነው፤ ዋጋው የሚከፈለው ዘግይቶ ብቻ ነው።

ደን ተብሎ ከመከለሉ በፊት መሬቱ የማን ነበር?

የነባሮቹ ሕዝቦች። «ለሰው ያልተሰጠ መሬት» የሚለው አነጋገር ይህን ይሸፍነዋል። ኒው ሜክሲኮ ያሉት የታኦስ ፑዌብሎ ሕዝብ የሚያመልኩበት ሰማያዊ ሐይቅ በ1906 በደንነት ተወሰደባቸው። በገንዘብ እንካሳችሁ ሲባሉ እምቢ አሉ፤ መሬቱን ነው የምንፈልገው ብለው ከ60 ዓመት በላይ ተሟገቱ። በ1970 ፕሬዚዳንት ኒክሰን 48 ሺህ ኤከር የሚመልሰውን ሕግ ፈረሙላቸው።

ከዚህ በጸጥታ የተፈጸመም አለ። ዋሽንግተን ክፍለ ግዛት ባለው የጊፎርድ ፒንቾ ደን ውስጥ በ1930ዎቹ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን ከከተማ የፈለሰው ሰው የሃክልቤሪ ፍሬውን ሲያጥለቀልቀው፣ በ1932 የያካማ ነባር ሕዝብ አለቃ ዊሊያም ያሉፕና የደኑ ኃላፊ ተጨባብጠው የመስኩ አንድ ክፍል ለነባሮቹ ብቻ እንዲሆን ተስማሙ። ስምምነቱ ዛሬም ይከበራል።

ደኑ አጠገብ የሚኖር ሰው ምን ያገኛል?

ሥራ፣ ጎብኚ፣ ማገዶ፣ አደን። ግን የሚያጣውም አለ፤ የፌዴራል መሬት ለካውንቲው (ለአካባቢው አስተዳደር) ግብር አይከፍልም። ስለዚህ ከ1908 ጀምሮ ከደኑ ገቢ 25 በመቶው ለአካባቢው ትምህርት ቤቶችና መንገዶች እንዲሰጥ ተደረገ። ቆረጣው ሲወድቅ ገንዘቡም አብሮ ወደቀ። በ2000 ኮንግረስ ማካካሻ ሕግ ቢያወጣም በየጊዜው መታደስ አለበት፤ በዘገየ ቁጥር የገጠር ትምህርት ቤት በጀት ይንጠለጠላል።

ያተርፋል ወይስ ይከስራል?

በደረሰኝ ከታየ ይከስራል። ግን ውኃው ደረሰኝ የለውም፤ ስለዚህ ሒሳቡ ከመነሻው ጎደሎ ነው።

ሌላም በሒሳብ የማይገባ አለ። በ1962 የግብርና መሥሪያ ቤቱ የዕፅዋት ባለሙያ አርተር ባርክሌይ በዚያው በጊፎርድ ፒንቾ ደን ከፓስፊክ ዩ ዛፍ ቅርፊት ናሙና ወሰደ። እንጨት ቆራጮች ይህን ዛፍ ከጥራጊ ቆጥረው ከጭራሮ ጋር ያቃጥሉት ነበር። ከቅርፊቱ የተገኘው ንጥረ ነገር ታክሶል የተባለው የካንሰር መድኃኒት ሆኖ በ1992 ለማሕፀን እንቁላል ዕጢ ካንሰር ሕክምና ተፈቀደ። የማይረባ የተባለ ዛፍ ነበር እንግዲህ።

ሊሸጥ ይችላል?

ከትንንሽ ቁራጮች በቀር ያለ ኮንግረስ ፈቃድ አይሸጥም። መለዋወጥ ግን አለ፤ አንዳንዴም ይመርራል። በ2014 ኮንግረስ አሪዞና ባለው የቶንቶ ደን ውስጥ ለነባሮቹ የአፓቼ ሕዝቦች ቅዱስ የሆነውን ኦክ ፍላት የተባለ ቦታ ለመዳብ ኩባንያ በልዋጭ እንዲሰጥ በሕግ አዘዘ፤ ውሳኔው የገባው በመከላከያ በጀት ሕግ ውስጥ ተሸጉጦ ነው። አፓቼዎቹ በፍርድ ቤት ለዓመታት ተሟግተዋል። በ2025 ደግሞ የምዕራቡን የፌዴራል መሬት በሰፊው ለመሸጥ በሴኔት የቀረበው ሐሳብ ወድቋል። ከጣሉት መካከል በርካቶቹ ለሌላው ነገር ሁሉ ከአቅራቢዎቹ ጎን የሚቆሙ አዳኞችና ዓሣ አጥማጆች ነበሩ።

እኔ አስተያየት ብሰጥ የሚሰማኝ አለ?

እያንዳንዱ ደን የ15 ዓመት ገደማ ዕቅድ አለው፤ ሲከለስ ለሕዝብ ይቀርባል። ዜጋ መሆን አይጠየቅም። ሆኖም «ደናችንን አድኑልን» የሚል አንድ ሺህ ተመሳሳይ ደብዳቤ እንደ አንድ አስተያየት ይቆጠራል። የሚሠራው ዝርዝር ነው፦ የመንገዱ ቁጥር፣ የወንዙ ስም፣ መቼ ሄደው ምን እንዳዩ፣ ምን ቢደረግ እንደሚሻል። ለምሳሌ ዝናብ ሲመጣ የቱ ቱቦ ተደፍኖ መንገዱ ወደ ወንዙ እንደሚናድ ፎቶ አንሥቶ የላከ ሰው መልስ የማግኘት ዕድሉ ሰፊ ነው። ደብዳቤው ለዋሽንግተን ሳይሆን በዕቅዱ ማስታወቂያ ላይ ስሙ ለተጠቀሰው ጽሕፈት ቤት ይላካል፤ ቀነ ገደቡ ካለፈ በኋላ ተቃውሞ የማቅረብ መብት የሚኖረው ብዙ ጊዜ ቀድሞ የጻፈ ብቻ ነው።